የሬዲዮን ድምፅ ከጫጫታ የለየው ኤድዊን አርምስትሮንግ

ሰማዩ በደመና ተሸፍኖ መብረቅ በሚበርቅበት የክረምት ምሽት በመካከለኛ ሞገድ ሬዲዮ የሚያዳምጥ ሰው በደንብ የሚያውቀው ችግር አለ። ከተራራው ማዶ ብልጭ ባለ ቁጥር ሬዲዮው ይንጫረራል። የእህል ዋጋ ወይም የአየር ጠባይ ዘገባ ሲነገር ዋናው ቁጥር በጫጫታ ተውጦ ይቀራል። ያው አድማጭ በአቅራቢያው የኤፍ ኤም ጣቢያ ካለና ወደዚያ ካዞረው ግን ሰማዩ እየተናወጠ የተናጋሪው ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማዋል።

ይህ ልዩነት በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። አንድ ሰው የወጣትነት ዘመኑን፣ ሀብቱን፣ ትዳሩንና በመጨረሻም ሕይወቱን የከፈለበት ነው። ይህ ሰው አሜሪካዊው መሐንዲስ ኤድዊን ሃዋርድ አርምስትሮንግ ይባላል። በዚህ ታሪክ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አርምስትሮንግ የተወለደው ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘውድ በጫኑ በዓመቱ፣ በታኅሣሥ 1890 በኒውዮርክ ከተማ ነው። አባቱ በመጻሕፍት ማሳተሚያ ድርጅት የሚሠራ፣ እናቱ ደግሞ መምህርት ነበሩ። በልጅነቱ የያዘው ጽኑ ሕመም ሁለት ዓመት ያህል ከትምህርት ገበታ አራቀው። ከሕመሙ ቢድንም በተጨነቀ ጊዜ ትከሻውንና አንገቱን ያለፈቃዱ የሚያንቀሳቅስ ምልክት ዕድሜ ልኩን አብሮት ኖረ። ከእኩዮቹ ተለይቶ ቤት የዋለው ልጅ ከሰው ይልቅ ከመሣሪያ ጋር ተላመደ።

ቤተሰቡ በሃድሰን ወንዝ ዳር ወደምትገኘው ዮንከርስ ከተዛወረ በኋላ አርምስትሮንግ ስለ ፈጠራ ሰዎች የሚተርኩ መጻሕፍትን አነበበ። ያለ ሽቦ መልእክት ያስተላለፈው የጣሊያናዊው ማርኮኒ ሥራ ልቡን ወሰደው። ገና ለአካለ መጠን ሳይደርስ የፈጠራ ሰው ለመሆን ወሰነ። በግቢያቸው ውስጥ ከፍ ያለ የአንቴና ምሰሶ በገዛ እጁ አቆመ። ከምሰሶው ጫፍ ተንጠልጥሎ ሲሠራ ጎረቤት ይደነግጥ ነበር። ከፍታን አለመፍራቱ እስከ ጉልምስናው አልተለየውም።

በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ሲማር ከቤቱ የሚመላለሰው አባቱ በገዛለት ቀይ ሞተር ብስክሌት ነበር። ካስተማሩት ሰዎች መካከል ትልቁን ስፍራ የያዘው ፕሮፌሰር ሚካኤል ፑፒን ነው። ፑፒን ከሰርቢያውያን የገጠር ቤተሰብ ተወልዶ በልጅነቱ በሬዎችን የጠበቀ ሰው ነው። በሌሊት ጥበቃ እረኞቹ ቢላዋቸውን መሬት ላይ ሰክተው እጀታውን በመምታት ይጠራሩ ነበር። ድምፁ ባልታረሰው ጠንካራ የግጦሽ መሬት ርቆ ሲሄድ፣ በታረሰው ልስልስ ማሳ ውስጥ ግን ይጠፋ እንደነበር ልጁ አስተዋለ። ድምፅ በምን ይጓዛል፣ በምንስ ይጠፋል የሚለው የእረኛው ጥያቄ በዩኒቨርሲቲ ወደ ተማሪው ወደ አርምስትሮንግ ተሻገረ።

አርምስትሮንግ በ1912፣ ገና የ21 ዓመት ተማሪ ሳለ፣ የመጀመሪያ ታላቅ ሥራውን ሠራ። በዚያ ዘመን ሬዲዮ የሚደመጠው በጆሮ ማዳመጫ ሲሆን ምልክቱም እጅግ ደካማ ነበር። ሊ ደ ፎረስት የተባለ የፈጠራ ሰው የሠራው፣ ኦዲዮን የሚሰኝ አምፖል መሰል መሣሪያ በገበያ ላይ ቢኖርም አሠራሩን አጥርቶ የተረዳው አልነበረም። አርምስትሮንግ ከመሣሪያው የሚወጣውን ደካማ ምልክት መልሶ ወደ መግቢያው በማስገባት ደጋግሞ እንዲጎላ አደረገው። በሌሊቱ ፀጥታ ከውቅያኖስ ማዶ የሚመጡ ምልክቶች ክፍሉን ሞሉት። ያው መሣሪያ ከተወሰነ ደረጃ በላይ ሲገፋ ራሱ ሞገድ ማመንጨት እንደሚችልም ደረሰበት። ለማዳመጫም ለማሰራጫም የሚሆን ግኝት ነበር።

ነገር ግን መብቱን ለማስመዝገብ ገንዘብ አልነበረውም። አባቱ መጀመሪያ ትምህርትህን ጨርስ ብሎ ከለከለው። ሞተር ብስክሌቱን ለመሸጥ ሞከረ፤ የሚያወጣው ዋጋ ግን በቂ አልነበረም። በጥር 1913 የመሣሪያውን ንድፍ በሕጋዊ ምስክር ፊት ብቻ አስፈረመ። የፓተንት ማመልከቻውን ያስገባው ከዘጠኝ ወር በኋላ ነው። መሬቱን አርሶ፣ ዘርቶ፣ አጭዶ ሳለ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ያልያዘ ገበሬ የሚገጥመው ሁሉ ገጠመው። ደ ፎረስት ግኝቱ የእኔ ነው ብሎ ተነሣ። ክርክሩ ሃያ ዓመት ያህል ፈጅቶ በ1934 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለደ ፎረስት ፈረደ።

የሙያ ባልደረቦቹ ግን የፍርድ ቤቱን ውሳኔ አልተቀበሉም። አርምስትሮንግ ለዚህ ግኝት ቀደም ሲል የተሰጠውን የሬዲዮ መሐንዲሶች ማኅበር ሜዳልያ ለመመለስ ወደ ጉባኤያቸው ቢሄድም፣ መሐንዲሶቹ አንቀበልም ብለው ከመቀመጫቸው ተነሥተው በጭብጨባ አከበሩት።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት በአሜሪካ ጦር የመገናኛ ክፍል ሹም ሆኖ ወደ ፓሪስ ሲላክ ሁለተኛውን ታላቅ ሥራ ይዞ ብቅ አለ። ከአየር ላይ የሚገባውን ምልክት ለማጉላት ወደሚመች አንድ ቋሚ ድግግሞሽ የሚለውጥ፣ ሱፐር ሄትሮዳይን የተባለ የሬዲዮ መቀበያ አሠራር ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን በገጠርም በከተማም በየቤቱ የገባው፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ሬዲዮ ባብዛኛው በዚህ አሠራር የተገነባ ነው። አርምስትሮንግ በጦሩ የሻለቃ ማዕረግ ስላገኘ ብዙዎች ዕድሜ ልኩን ሻለቃ እያሉ ይጠሩት ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ የፈጠራ መብቶቹን ለኩባንያዎች በመሸጥ ባለጸጋ ሆነ። ከገዢዎቹ ዋነኛው አር ሲ ኤ የተባለው ግዙፍ የሬዲዮ ኩባንያ ሲሆን፣ አርምስትሮንግም በክፍያ መልክ ባገኘው አክሲዮን የኩባንያው ትልቁ ግለሰብ ባለድርሻ ለመሆን በቃ። የኩባንያው መሪ ዴቪድ ሳርኖፍ የቆየ ወዳጁ ነበር። ሁለቱ በ1914 በአንድ ብርዳማ የክረምት ሌሊት አብረው ተቀምጠው በአርምስትሮንግ መሣሪያ የሩቅ ጣቢያዎችን አዳምጠዋል። በ1923 ያገባት ማሪዮን ማኪኒስም የሳርኖፍ ጸሐፊ ነበረች። የሠርግ ስጦታዋ ባሏ የሠራላት በእጅ የሚያዝ ሬዲዮ ነበር።

አርምስትሮንግ በዚያ ዕድሜው ሀብት፣ ዝናና ትዳር ነበረው። ከተማሪነት ዘመኑ ጀምሮ ዕረፍት የነሳው አንድ ነገር ግን አልተፈታም። እሱም የሬዲዮ ጫጫታ ነበር። ሳርኖፍም ይህን ጫጫታ የሚያጠፋ አንዳች መሣሪያ ቢገኝ ምኞቱ እንደሆነ ገልጾለት ነበር።

ችግሩ የት ላይ እንደነበር ለመረዳት ስንዴና እንክርዳድን ማሰብ ይበቃል። ገለባ ከፍሬ ይልቅ ቀላል ስለሆነ በነፋስ ይለያል። እንክርዳድ ግን መጠኑ ከስንዴ ጋር ስለሚቀራረብ በወንፊት ቢነፉትም አብሮ ይቀራል። በኤ ኤም ሬዲዮ የሰው ድምፅ የሚጫነው በሞገዱ ከፍታ ላይ ነው። ድምፁ ሲጎላ ሞገዱ ከፍ፣ ሲቀንስ ዝቅ ይላል። መብረቅ፣ የመኪና ሞተርና የኤሌክትሪክ ማሽን የሚፈጥሩት ጫጫታም የሚያርፈው በዚያው በሞገዱ ከፍታ ላይ ነው። መቀበያው ሬዲዮ የቱ ድምፅ፣ የቱ ጫጫታ እንደሆነ የሚለይበት መንገድ የለውም። ጫጫታውን ልቀንስ ቢል ድምፁንም አብሮ ይቆርጣል።

የዘመኑ መሐንዲሶች መፍትሔ በሩን ማጥበብ ነበር። ለጣቢያው የሚሰጠው የሞገድ ስፋት ባነሰ ቁጥር የሚገባው ጫጫታም ያንሳል ብለው ያምኑ ነበር። ድምፅን በከፍታ ፈንታ በሞገዱ ድግግሞሽ መለዋወጥ ላይ የመጫን ሐሳብም አዲስ አልነበረም። ሆኖም በ1922 ጆን ካርሰን የተባለ የታወቀ የሒሳብ ሰው ይህ መንገድ የሞገዱን ስፋት እንደማያጠብ፣ ድምፁንም እንደሚያበላሽ በስሌት አሳየ። ብዙዎችም ጉዳዩን ዘግተው ተውት።

አርምስትሮንግ ግን ከስሌት ይልቅ ሙከራን የሚያምን ሰው ነበር። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ምድር ቤት በሚገኘው ቤተ ሙከራው ለዓመታት ሌትና ቀን ሠራ። ብዙ ከወደቁ ሙከራዎች በኋላ ሌሎች ያጠበቡትን በር በተቃራኒው ወለል አድርጎ ከፈተው። ድግግሞሹ ወዲያና ወዲህ በሰፊው እንዲወዛወዝ አደረገ። ኋላ በአሜሪካ ለአንድ የኤ ኤም ጣቢያ 10 ኪሎ ኸርዝ ስፋት ሲሰጥ ለኤፍ ኤም ጣቢያ 200 ኪሎ ኸርዝ፣ ማለትም ሃያ እጥፍ፣ የተሰጠው ስለዚህ ነው። በመቀበያው ውስጥ ደግሞ የሞገዱን ከፍታ ከላይም ከታችም እኩል የሚከረክም ክፍል አስገባ። መብረቁ በከፍታው ላይ የጨመረው ጫጫታ በዚህ ይቆረጣል። ድምፁ ግን ያለው በከፍታው ላይ ሳይሆን በድግግሞሹ ላይ ስለሆነ ባብዛኛው ሳይነካ ያልፋል። እንክርዳዱ ከስንዴው በመጠን እንዲለይ ሆኖ ተዘራ እንደ ማለት ነው።

የፓተንት መብቶቹ በታኅሣሥ 1933 ጸደቁ። ወዲያውም ወዳጁን ሳርኖፍን ወደ ምድር ቤቱ ጠርቶ አሳየው። ሳርኖፍ የጠበቀው በነባሩ ሬዲዮ ላይ የሚገጠም ትንሽ መሣሪያ ነበር። ያየው ግን ማሰራጫውንም መቀበያውንም ከሥሩ የሚለውጥ አዲስ የሬዲዮ ሥርዓት ነው። ይህ ማለት ኩባንያው የከበረባቸው ጣቢያዎችና ሬዲዮኖች ሁሉ አሮጌ ይሆናሉ ማለት ነበር።

በ1934 አርምስትሮንግ ማሰራጫውን በዘመኑ ከዓለም ረጅሙ ሕንጻ በነበረው በኤምፓየር ስቴት ላይ ተከለ። ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ላይ ሆነው ያዳመጡት ሰዎች ነጎድጓድ እያጉረመረመ ከኤፍ ኤም መቀበያው የጠራ ድምፅ ሰሙ። በኤ ኤም የሚመጣው ያው ዝግጅት ግን በጫጫታ ተውጦ ነበር። ውጤቱ የማያከራክር ሆኖ ሳለ በ1935 አር ሲ ኤ ቦታውን ለቴሌቪዥን እፈልገዋለሁ በማለት አርምስትሮንግ ዕቃውን እንዲያነሣ ጠየቀው።

አርምስትሮንግ ተስፋ አልቆረጠም። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር በኒውዮርክ ለተሰበሰቡ መሐንዲሶች ከዮንከርስ ከአንድ ወዳጁ ቤት የተሰራጨ ዝግጅት አሰማቸው። በመስታወት ብርጭቆ ውኃ ሲቀዳ፣ ወረቀት ሲጨማደድና ሲቀደድ ድምፁ አዳራሹ ውስጥ የተደረገ ያህል ጥርት ብሎ ተሰማ። ከዚያ ቀደም በሬዲዮ የሚቀዳ ውኃ ድምፅ ከተራ መንሿሿት አይለይም ነበር።

ቀጥሎም አክሲዮኑን እየሸጠ በገዛ ገንዘቡ ከሃድሰን ወንዝ በላይ ባለው ገደል አናት ላይ፣ አልፓይን በተባለ ስፍራ፣ 130 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ማማ አቆመ። ከፍ ያለ ቦታ የመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። የኤፍ ኤም ሞገድ ባብዛኛው በቀጥታ መስመር ስለሚጓዝ ተራራና ገደል ይጋርደዋል። የኤ ኤም ሞገድ ግን ጫጫታ ቢበዛበትም ርቆ ይሄዳል። ዛሬም በተራራማው የሀገራችን ክፍል የኤፍ ኤም ማሰራጫዎች በከፍታ ቦታ ላይ የሚተከሉት፣ ከተራራው ጀርባ ያለው መንደርም ጣቢያውን የማያገኘው በዚህ የተፈጥሮ ሕግ የተነሣ ነው።

በ1940 የአሜሪካ መንግሥት ለኤፍ ኤም የራሱን የሞገድ ክልል ፈቀደ። ጣቢያዎች ተከፈቱ፤ ፋብሪካዎችም መቀበያ እየሠሩ ለፈጣሪው ድርሻውን ይከፍሉ ጀመር። አር ሲ ኤ ግን እንደ ሌሎቹ ከሽያጩ በመቶኛ መክፈል አልፈለገም። በአንድ ጊዜ አንድ ሚሊዮን ዶላር ሰጥቶ መገላገል ፈለገ። አርምስትሮንግ ለትንንሾቹ ኩባንያዎች የተጣለው ክፍያ ለትልቁም ይሠራል ብሎ አልቀበልም አለ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በመጣ ጊዜ ግን የሀገሩ ጦር ኤፍ ኤምን ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ፈቀደ።

ከጦርነቱ ማብቂያ ጋር ያልታሰበ ዱብ ዕዳ ወረደ። በ1945 የአሜሪካ የመገናኛ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ኤፍ ኤምን ከነበረበት የሞገድ ክልል አንሥቶ ዛሬ ወዳለበት፣ ከ88 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ ወደሚደርሰው ክልል አዛወረው። የተሰጠው ምክንያት በቀድሞው ክልል ከሩቅ የሚመጡ ሞገዶች ሥርጭቱን ይረብሹታል የሚል ሲሆን፣ አርምስትሮንግ አጥብቆ ተቃወመ። በሰዎች እጅ የነበሩ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ መቀበያዎች ከጥቅም ውጭ ሆኑ። ጣቢያዎቹም ማሰራጫቸውን እንደ አዲስ መትከል ግድ ሆነባቸው።

ይህ ሁሉ ሲሆን የቴሌቪዥን ድምፅ በኤፍ ኤም ይሰራጭ ነበር። ቴሌቪዥን በብዛት የሚሸጠው አር ሲ ኤ ግን ለፈጣሪው አልከፈለም። አርምስትሮንግ በ1948 ክስ መሠረተ። የኩባንያው ጠበቆች እሱን ብቻ በመጠየቅ ወራትን ፈጁ። በ1950 መጨረሻ ዋና ዋናዎቹ የፓተንት መብቶቹ ጊዜያቸው አለፈ። የሚገባው ገቢ ሲነጥፍ ለጠበቃና ለምርምር የሚወጣው ግን አልቆመም። ከደ ፎረስት ጋር ባደረገው ክርክር የቆሰለው ሰው በድጋሚ አልሸነፍም ብሎ ሌት ተቀን በወረቀት ክምር ውስጥ ተቀበረ። ወዳጆቹ እንዲታረቅ ቢመክሩት አልሰማም።

የክሱ ጫና በመጨረሻ ቤቱ ገባ። በ1953 መገባደጃ ለእርጅናቸው ብሎ በሚስቱ ስም ካስቀመጠው ገንዘብ እንድትሰጠው ጠየቃት። ማሪዮን እንቢ ስትለው በንዴት እጁን አነሣባት። ከሠላሳ ዓመት ትዳር በኋላ ወደ እኅቷ ቤት ሄደች። አርምስትሮንግ በባዶ ቤት ብቻውን ከረመ። በጥር 1954 መጨረሻ ለሚስቱ የጸጸት ደብዳቤ ጽፎ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። ዕድሜው 63 ነበር።

ማሪዮን ግን ያደረሰባትን በደል ይዛ ሥራውን አልተወችም። በዚያው ዓመት ማብቂያ አር ሲ ኤ ጉዳዩን በስምምነት ጨርሶ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር ጥቂት የሚበልጥ ገንዘብ ከፈላት። ባሏ ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ካልተቀበለው ዋጋ ብዙም አይርቅም። ሌሎቹን ኩባንያዎች ግን አንድ በአንድ እየከሰሰች የመጨረሻውን ክስ በ1967 ረታች። ኤፍ ኤም የአርምስትሮንግ መሆኑ በፍርድ ቤት የጸናው እሱ ካረፈ ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ነው።

አርምስትሮንግ የታገለለት ሐሳብ ከሬዲዮም አልፏል። ጫጫታ ከድምፅ ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ለማጽዳት መድከም አስቸጋሪ ነው። የሚሻለው ድምፁን አስቀድሞ ጫጫታው በማይደርስበት መልክ ማዘጋጀት ነው። በኤፍ ኤም ሥርጭት ቀጫጭን ድምፆች ከመላካቸው በፊት ከፍ ተደርገው መቀበያው ላይ ወደ ልካቸው ይመለሳሉ፤ በመንገድ የገባው ሹክሹክታም አብሮ ዝቅ ይላል። በ1960ዎቹ ሬይ ዶልቢ የተባለ መሐንዲስ በተመሳሳይ መንገድ፣ በቀረጻ ጊዜ ደካማ ድምፆችን አጉልቶ ሲጫወት መልሶ በመቀነስ፣ የቴፕን መንሿሿት ቀነሰ። በካሴትና በቴፕ ማጫወቻዎች ላይ የእሱን ስም ያነበቡ ሰዎች ይህን ሥራ ሳያውቁት ሰምተውታል። ቃለ መጠይቅ የሚቀርጽ ሰው ማይክሮፎኑን ወደ ተናጋሪው አፍ የሚያስጠጋውና ከወፍጮ ቤት ጩኸት የሚርቀውም ለዚሁ ነው። አንዴ ከገባ ጫጫታ ይልቅ ሳይገባ የቀረው ይሻላል።

በአልፓይን ገደል ላይ ያለው ማማ ዛሬም ቆሟል። በመስከረም 2001 የኒውዮርክ መንትያ ሕንጻዎች ሲፈርሱ ማሰራጫቸውን ያጡ አንዳንድ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ሥርጭታቸውን የቀጠሉት ከዚያ ማማ ላይ ነበር። ኤፍ ኤም በአሜሪካ በአድማጭ ብዛት ኤ ኤምን የበለጠው በ1970ዎቹ መገባደጃ ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ፣ በኢትዮጵያም ጭምር፣ ጣቢያዎች በዚያው ባልወደደው አዲስ የሞገድ ክልል ይሰማሉ።

አርምስትሮንግ የሰማዩን መብረቅ ከሬዲዮ ድምፅ ለየ። የሰው ለሰው ክርክር የሚፈጥረውን ጫጫታ ግን ከራሱ ሕይወት መለየት አልቻለም። በመጀመሪያ ግኝቱ ጊዜ መብቱን ቶሎ ለማስመዝገብ ገንዘብ አጣ። በመጨረሻው ግኝቱ ጊዜ መብቱን ቢያስመዘግብም የሚያስከብርበት አቅም አጣ። ከማሳው ውሎ የገባ ገበሬ ማታ ሬዲዮውን ከፍቶ የነገውን የዝናብ ትንበያ አንድም ቃል ሳያመልጠው ሲሰማ፣ ያ ጥራት በነጻ እንዳልመጣ ማወቁ ለዚህ ሰው የሚገባ መታሰቢያ ነው።